ስፖቲፋይ በደጉም በክፉውም ቀን፦ የአንድ አድማጭ ግምገማ

የሙዚቃ ማዳመጫ አገልግሎቶች ሲገመገሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ስንት ዘፈን እንደያዙ፣ የድምፃቸው ጥራት እስከ ምን እንደሚደርስና አጠቃቀማቸው ቀላል መሆን አለመሆኑ ነው። እነዚህ ተገቢ ጥያቄዎች ቢሆኑም፣ ሙዚቃን ክፉውን ቀን ለማለፍና የደስታውን ቀን ለማድመቅ ለሚያዳምጥ ሰው በቂ አይደሉም። እንዲህ ያለ አድማጭ የሚጠይቀው ሌላ ነው። ልቤ ሲሰበር ይህ አገልግሎት ምን ያደርግልኛል? እንቅልፍ ባጣሁበት ሌሊት ስልኬን ደጋግሜ ሳልነካካ ያስተኛኛል? ኢንተርኔት በሌለበት ቦታና የማወራው ሰው በማላገኝበት ሰዓት አብሮኝ ይቆያል? ሐዘኔ ካለፈ በኋላስ ያንን ወቅት እየቀሰቀሰ ያመጣብኛል ወይስ ይተወኛል? ስፖቲፋይን ለዓመታት፣ በመጀመሪያ በነፃው አማራጭ፣ በኋላም እየከፈልሁ የተጠቀምሁበት ሲሆን፣ በዚህ ጽሑፍ የምመዝነው በእነዚህ ጥያቄዎች ነው።

ፍርዴን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ስፖቲፋይ አንድ አድማጭ በገዛ እጁ ለመረጣቸውና ላደራጃቸው ዘፈኖች እጅግ የተመቸ ማኖሪያ ነው፤ ስሜቱ በሚዋዥቅበት ጊዜ ግን ምርጫውን ሙሉ በሙሉ አሳልፎ የሚሰጠው ዳኛ አይደለም።

ድርጅቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 በዳንኤል ኤክና በማርቲን ሎሬንትዞን በስቶክሆልም ተመሥርቶ በ2008 ለተጠቃሚዎች ተከፈተ፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው። በክምችቱ ከ100 ሚሊዮን በላይ ዘፈኖች ስላሉት የሚፈለገው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ይገኛል። የድምፅ ጥራቱ ለከፋይ ደንበኞች በሰከንድ እስከ 320 ኪሎቢት ሲደርስ፣ በ2025 ደግሞ የድምፁ መረጃ ሳይቀነስ የሚሰማበት አማራጭ ተጨምሯል። ለጥሩ ድምፅ የሚጨነቁ ሰዎች በዚህ ላይ ብዙ ሊሉ ይችላሉ። እኔ ግን በጭንቅ ሰዓት አንድን ዘፈን በደካማ የጆሮ ማዳመጫ ሰምቶ የማይጽናና ሰው በጥራቱ ምክንያት ብቻ ይጽናናል ብዬ ስለማላምን አልፈዋለሁ።

ይልቅ መቆም የምፈልገው ሙዚቃ ለምን እንደሚረዳን በሚነግሩን ጥናቶች ላይ ነው፤ ምክንያቱም አገልግሎቱን የምመዝንበት ሚዛን የመጣው ከዚያ ነው። በካናዳ የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ሰውነታቸውን ውርር የሚያደርጋቸውን ሙዚቃ ሲሰሙ አንጎላቸው ከደስታ ስሜት ጋር የተያያዘውን፣ ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር እንደሚያመነጭ አሳይተዋል። ከዚህ ግኝት ውስጥ ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ዶፓሚኑ የሚመነጨው የሙዚቃው ጣፋጭ ቦታ ሲደርስ ብቻ ሳይሆን ከዚያ አስቀድሞ፣ አድማጩ ያ ቦታ ሊመጣ መሆኑን እያወቀ በሚጠብቅባቸው ሰከንዶችም ጭምር መሆኑ ነው። እንዲህ በእርግጠኝነት ሊጠበቅ የሚችለው ደግሞ ከዚህ በፊት የተሰማና የተወደደ ነገር ነው። በጥናቱ የተሳተፉት ሰዎችም ያዳመጡት ራሳቸው መርጠው ያመጡትን ሙዚቃ ነበር።

በፊንላንድ ተካሂዶ በ2008 የታተመ ሌላ ጥናትም ወደዚሁ ያመለክታል። ተመራማሪዎቹ በስትሮክ የተመቱ ሕሙማንን በሦስት ቡድን ከፍለው፣ የመጀመሪያው ቡድን ለሁለት ወራት በየቀኑ ሙዚቃ፣ ሁለተኛው በድምፅ የተቀዳ መጽሐፍ እንዲያዳምጥ ሲያደርጉ፣ ሦስተኛው ቡድን ከመደበኛው ሕክምና በቀር ምንም አልተጨመረለትም። ሙዚቃ ያዳመጡት ሕሙማን ቃላትን በማስታወስና ትኩረታቸውን በመሰብሰብ ከሌሎቹ ይልቅ የተሻሻሉ ሲሆን፣ ምንም ካልተጨመረላቸው ጋር ሲነጻጸሩ የመንፈስ ጭንቀታቸውም ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። እነሱም ቢሆኑ የሰሙት የሚወዱትንና ራሳቸው የመረጡትን ነው። ስለዚህ በክፉ ቀን ከአንድ የሙዚቃ አገልግሎት የምጠብቀው ዋናው ነገር አዲስ ዘፈን ማግኘት ሳይሆን የራሴን ዘፈን በፍጥነት ማግኘት ነው።

በዚህ ረገድ ስፖቲፋይ ሁለት መልክ አለው። መተግበሪያው ሲከፈት የሚታየው ገጽ በጣም የተጨናነቀ ነው፤ ሙዚቃው፣ ፖድካስቱ፣ በድምፅ የሚነበበው መጽሐፍና ቪዲዮው ሁሉ እኔን እዩኝ እያለ ይሻማል። ደህና ቀን ላይ ይህ ብዙ አያስቸግርም። ሐሳቡ ለተበታተነበት ሰው ግን ከዚያ ሁሉ ግርግር መካከል የሚፈልገውን ለመለየት መሞከር ራሱ ድካም ይሆናል። መፍትሔው ይህን ገጽ ትቶ በቀጥታ የግል ስብስብ ወደሚቀመጥበት ክፍል መግባት ሲሆን፣ እዚያ እስከ አራት የሚደርሱ ፕሌይሊስቶችን (በቅደም ተከተል የተሰበሰቡ የዘፈን ዝርዝሮችን) ወይም አልበሞችን ከላይ አስሮ ማስቀመጥ ይቻላል። እኔ ከአራቱ ሁለቱን ለከባድ ቀን፣ አንዱን ለሥራ፣ አንዱን ለእንቅልፍ አድርጌያቸዋለሁ። የደስታ ቀን ዘፈኖች ከላይ መታሰር አያስፈልጋቸውም፤ ደስ ያለው ሰው ለመፈለግ ትዕግሥቱም ጉልበቱም አለውና።

ፕሌይሊስት ማዘጋጀትን በተመለከተ ከሙዚቃ ሕክምና ባለሙያዎች የተማርሁት አንድ ዘዴ ከማንኛውም የመተግበሪያው ብልኃት የበለጠ ጠቅሞኛል። አይራ አልትሹለር የተባለው የአእምሮ ሐኪም በ1940ዎቹ እንዳስቀመጠው፣ ለታካሚ የሚመረጠው ሙዚቃ በመጀመሪያ ታካሚው ካለበት ስሜት ጋር የሚመሳሰል መሆን አለበት፤ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ወደሚፈለገው ስሜት ይሸጋገራል። ያዘነን ሰው ወዲያው በጭፈራ ዘፈን መክበብ የሚያስከፋውም ለዚህ ይመስለኛል፤ ስሜቱን ያልተረዳለት ሰው የሚያጽናናው ያህል ይሰማዋል።

አባቴ ካረፈ በኋላ ያዘጋጀሁት ፕሌይሊስት በዚህ መንገድ የተሠራ ነው። በዚያን ጊዜ ግጥም ያለው ዘፈን መስማት አልቻልሁም ነበር፤ ስለ መለየት የሚናገር አንድ ስንኝ እንኳ ቀኑን ሙሉ ሲረብሸኝ ይውል ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ያስቀመጥኋቸው በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበሩ ዝግ ያሉ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያው ሥራ አንድ ቼሎ ብቻውን የሚጫወትበት ሲሆን፣ በደንብ ከተሰማ ተጫዋቹ ደጋኑን ከማንሣቱ በፊት የሚስበው ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል። ከእነዚህ በኋላ ፒያኖ ይመጣል፤ ከዚያ የሰው ድምፅ በማላውቀው ቋንቋ ይገባል። ቋንቋውን አለማወቄ የድምፁን ሙቀት ያለ ቃላቱ ክብደት እንድቀበል ረድቶኛል። ወደ መካከሉ ሲደርስ ምቱ ትንሽ ይፈጥናል፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ አባቴ ራሱ ይወዳቸው የነበሩ፣ ቤት ውስጥ ሲያፏጫቸው የምሰማቸው ዘፈኖች አሉ። መጀመሪያ ሰሞን እስከዚያ ድረስ መዝለቅ አቅቶኝ በመካከል አቋርጠው ነበር። ሳምንታት ሲያልፉ ግን እነዚያን የመጨረሻዎቹን ዘፈኖች በፈገግታ የምሰማበት ቀን መጣ።

ስፖቲፋይ ለእንዲህ ያለ ሥራ በእውነት የተመቸ ነው። የዘፈኖቹን ቅደም ተከተል በጣት ጎትቶ ማስተካከል ይቻላል፤ አንዱ ዘፈን ሲያበቃ ሌላው እስከ 12 ሰከንድ ድረስ ተደርቦ እንዲገባ የሚያደርግ ማስተካከያም አለው። ይህን መደራረብ ለግብዣና ለስፖርት እጠቀምበታለሁ፤ ለሐዘን ፕሌይሊስት ግን እንዲጠፋ እመክራለሁ፤ የአንድ ዝግ ያለ ሙዚቃ የመጨረሻ ድምፅ ሙሉ በሙሉ ሳይሞት ሌላው ሲገባበት ልብ የሚያርፍበት ቦታ ያጣል። ከዚህም በላይ ሊጠፋ የሚገባው፣ ፕሌይሊስቱ ሲያልቅ ተመሳሳይ የሚላቸውን ዘፈኖች በራሱ እያመጣ የሚቀጥለው አሠራር ነው። ለሥራ ሰዓት ጥሩ ነው፤ ደረጃ በደረጃ ከሐዘን ወጥቶ በተወሰነ ቦታ እንዲቆም ሆን ተብሎ የተሠራን ፕሌይሊስት ግን መጨረሻውን ያሳጣዋል። ሁለቱም በማስተካከያው ክፍል ውስጥ ይገኛሉ፤ አዲስ ተጠቃሚ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያያቸው ይገባል።

የሐዘን ሙዚቃ ሐዘንን ያባብሳል የሚሉ ሰዎች አሉ። ጉዳዩ እንዲህ በአንድ ቃል የሚዘጋ አይደለም። በ2014 ታትሞ 772 ሰዎች በተሳተፉበት አንድ የዳሰሳ ጥናት፣ አሳዛኝ ሙዚቃ በአድማጮች ላይ በብዛት የሚቀሰቅሰው ስሜት ሐዘን ሳይሆን ትዝታ ሆኖ ተገኝቷል፤ ብዙዎችም ሙዚቃውን የሚፈልጉት ለመጽናናት እንደሆነ ገልጸዋል። በሌላ በኩል አንድን ቁስል እያገላበጠ የሚያብሰለስል ሰው ያንኑ ዘፈን ደጋግሞ በሰማ ቁጥር ይበልጥ ሊሰምጥ ይችላል። ልዩነቱን ለማወቅ የምጠቀምበት መለኪያ ሙዚቃው ካለቀ በኋላ ያለው ሰዓት ነው። ከሰማሁ በኋላ ተነሥቼ ፊቴን መታጠብ፣ ለሰው መደወል፣ ሥራ መጀመር ከቻልሁ ሙዚቃው ረድቶኛል ማለት ነው፤ መልሼ ከመጀመሪያው ልስማው ካሰኘኝና ይህም ከተደጋገመ ግን ፕሌይሊስቱን መቀየር ወይም ማጥፋት እንዳለብኝ አውቃለሁ።

እዚህ ላይ የአልጎሪዝሙ፣ ማለትም ከሰማነው ተነሥቶ ዘፈን የሚመርጥልን የኮምፒውተር ስሌት፣ ነገር ይመጣል። ስፖቲፋይ ከ2015 ጀምሮ በየሳምንቱ ሰኞ 30 ዘፈኖች የያዘ፣ በአድማጩ ልማድ ላይ የተመሠረተ ፕሌይሊስት ያቀርባል፤ በ2023 ደግሞ በቀኑ ውስጥ ሰዓቱን እየተከተለ የሚለዋወጥ ሌላ ጨምሯል። ሕይወት በመደበኛ መንገዷ ስትሄድ እነዚህ ደስ የሚሉ ስጦታዎች ናቸው፤ ዛሬ ከምወዳቸው ሙዚቀኞች በርካቶቹን ያወቅሁት በሰኞው ፕሌይሊስት አማካይነት ነው። ይሁንና አልጎሪዝም የሚያውቀው ምን እንደሰማን እንጂ ለምን እንደሰማን አይደለም። አንድ ሰው ሐዘን ላይ ሆኖ ለሳምንታት ዝግ ያሉ ሙዚቃዎችን ቢያዳምጥ፣ አልጎሪዝሙ ይህን እንደ ምርጫው ይቆጥረዋል፤ ያለበትን ሁኔታ ከሚወደው ነገር የሚለይበት መንገድ የለውም። ከዚያ በኋላ የሚመጡት ጥቆማዎች ሰውዬው ሊወጣ ወደሚጥርበት ቦታ መልሰው የሚጋብዙ ሊሆኑ ይችላሉ። አድማጩ በዓመቱ በብዛት የሰማውን ሰብስቦ የሚያሳየው የዓመቱ መጨረሻ ማጠቃለያም እንዲሁ ነው። ዓመቱ መልካም ለነበረ ሰው ይህ ማጠቃለያ ለወዳጅ የሚያሳዩት ደስታ ነው፤ ዓመቱ ከባድ ለነበረበት ሰው ግን ከሁሉ በላይ የሰማው ዘፈን በደማቅ ቀለምና በጭብጨባ መንፈስ ተጽፎ ሲቀርብለት ሊያመው ይችላል።

ለዚህ ችግር መተግበሪያው ሁለት መከላከያዎች አሉት፤ ብዙ ተጠቃሚዎች የማያውቋቸው መሆኑ ያሳዝነኛል። አንደኛው ፕራይቬት ሴሽን የሚባለው ሲሆን፣ ሲከፈት የሚሰማው ነገር ለተከታዮች አይታይም፤ በጥቆማዎቹ ላይ የሚኖረውም ተጽዕኖ ይቀንሳል። ጉድለቱ ለረጅም ጊዜ ምንም ካልተሰማበት በራሱ የሚዘጋ በመሆኑ በየጊዜው መልሶ መክፈትን ይጠይቃል። ሁለተኛውና የተሻለው በ2023 የመጣው፣ አንድን ፕሌይሊስት ከቴስት ፕሮፋይል፣ ማለትም አገልግሎቱ ስለ አድማጩ ምርጫ ከያዘው መዝገብ፣ ውጭ የማድረግ አማራጭ ነው። በፕሌይሊስቱ ላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭኖ መምረጥ ብቻ ነው የሚጠበቀው፤ ከዚያ በኋላ የዚያ ፕሌይሊስት መደመጥ በጥቆማዎቹ ላይ ያለው ተጽዕኖ ይቀንሳል። የአባቴን ፕሌይሊስት ከዚህ ውጭ አድርጌዋለሁ፤ የእንቅልፉንም እንዲሁ፤ አለበለዚያ ሌሊቱን ሙሉ የሚሰማው የዝናብ ድምፅ ቀን ቀን የሚቀርብልኝን ምርጫ ያጨናንቀዋል።

ነፃውን አማራጭ በሚመለከት ሐሳቤ ግልጽ ነው። ለደህና ቀን በቂ ነው፤ ለክፉ ቀን ግን አይመከርም። ማስታወቂያ በዘፈኖች መካከል ይገባል፤ ማስታወቂያ ደግሞ ከባሕርዩ ድምቀትና ችኮላ ያለበት ስለሆነ፣ በጥንቃቄ የተሠራውን የስሜት ሽግግር በአንድ አፍታ ያፈርሰዋል። ነፃው አማራጭ ሙዚቃን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ማዳመጥንም አይፈቅድም፤ ለእኔ ከፍሎ መጠቀምን የወሰንሁበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

ክፉ ቀን ብዙውን ጊዜ ኔትወርክ ያለበትን ቦታ መርጦ አይመጣም። እናቴ ታማ ሆስፒታል ተኝታ በነበረበት ወቅት የነበረችበት ክፍል ኢንተርኔት እምብዛም አይደርሰውም ነበር። ሌሊት ወንበር ላይ ተቀምጬ ስጠብቃት፣ አንዱን የጆሮ ማዳመጫ በቀኝ ጆሮዬ አድርጌ ሌላውን ጆሮዬን ለእሷ አስቀርቼ፣ ቀድሜ ያወረድሁትን ሙዚቃ ዝቅ አድርጌ እሰማ ነበር። በአንድ ጆሮ ብቻ ሲሰማ ግን ሙዚቃው ይጎድላል፤ በግራ በኩል የተቀዳው ጊታር ጭራሽ አይሰማም፤ ዘፋኙም የሚመልሱለት ተቀባዮች የሌሉት ብቸኛ ይሆናል። በማስተካከያው ክፍል ውስጥ የግራውንና የቀኙን ድምፅ አንድ የሚያደርግ ሞኖ የተባለ አማራጭ መኖሩን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ከከፈትሁት በኋላ ሙዚቃው በአንዱ ጆሮዬ ሙሉ ሆኖ መጣልኝ። እናቴ ነቅታ ምን እየሰማሁ እንደሆነ ስትጠይቀኝ ሌላኛውን ማዳመጫ ሰጥቻት፣ የስልኩን ብርሃን አጥፍተን አብረን ሰማን፤ በአንድ የተጣመረ ስለነበረ ለሁለታችንም ሳይጎድል ደረሰን። ይህን አማራጭ በአንድ ጆሯቸው የመስማት ችግር ያለባቸው ሰዎች ይበልጥ እንደሚጠቀሙበት አምናለሁ።

ከማውረድ ጋር የተያያዙት ደንቦች እነዚህ ናቸው። በአንድ መሣሪያ ላይ እስከ 10,000 ዘፈን፣ በአጠቃላይ እስከ አምስት በሚደርሱ መሣሪያዎች ላይ ማውረድ ይቻላል፤ የወረደው እንዳይጠፋ ግን ቢያንስ በ30 ቀን አንድ ጊዜ መሣሪያው ከኢንተርኔት ጋር መገናኘት አለበት። ለብዙ ሰው ይህ በቂ ነው። ረጅም ጉዞ ላይ የሚሄድ ወይም ከኔትወርክ ርቆ የሚሠራ ሰው ግን ከመነሣቱ በፊት መገናኘቱን ሊያረጋግጥ ይገባል።

ለእንቅልፍ ያለው አገልግሎት ቀላልና ጥሩ ነው። ሙዚቃው ከተወሰኑ ደቂቃዎች በኋላ ወይም የሚጫወተው ዘፈን ሲያበቃ በራሱ እንዲቆም የሚያደርግ ሰዓት ቆጣሪ ስላለ፣ እንቅልፍ የከበደው ሰው ለማጥፋት ብሎ እጁን ወደ ስልኩ መላክና በብርሃኑ መንቃት አያስፈልገውም። ከዚህ ጋር የዘፈኖቹን የድምፅ መጠን የሚያመጣጥነውን ማስተካከያ ወደ ዝቅተኛው ደረጃ ማድረግ ይጠቅማል፤ ያለዚያ ከአንድ ለስላሳ ሥራ በኋላ ከፍ ብሎ የተቀዳ ሌላ ሲመጣ ያባንናል።

የድምፅ መጠን ከተነሣ ዘንድ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የተከፋ ሰው ሐሳቡን ለማፈን ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ደስ ያለውም እንዲሁ። የዓለም የጤና ድርጅት መመሪያ ለአዋቂ ሰው ደኅንነቱ የተጠበቀ ነው የሚለው በ80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ማዳመጥን ነው፤ ድምፁ ወደ 90 ዴሲቤል ሲወጣ የሚፈቀደው ጊዜ በሳምንት ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል። በጆሮ ውስጥ ያሉት ድምፅ የሚቀበሉ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም፤ ስለዚህ ዛሬ የሚያጽናናንን ነገር ለነገም ማቆየት የምንችለው በልክ ስንሰማው ብቻ ነው። ብዙ ስልኮች የድምፅ ጣሪያ የሚወሰንበት ማስተካከያ ስላላቸው፣ ስሜቱ ሳይለዋወጥ አስቀድሞ መወሰን የተሻለ ነው።

ስለ ደስታ ቀን ብዙ ያልጻፍሁት ደስታ የሚያንስ ሆኖ ሳይሆን፣ ደስ ያለው ሰው በማንኛውም አገልግሎት ሊደሰት ስለሚችል ነው። ሆኖም ስፖቲፋይ ደስታን ለመካፈል የሚሰጣቸው መንገዶች መጠቀስ ይገባቸዋል። ብዙ ሰዎች ሆነው አንድ ፕሌይሊስት በጋራ መሥራት ይችላሉ፤ ጃም በተባለው በ2023 በተጀመረው አሠራር ደግሞ አንድ ከፋይ ደንበኛ እስከ 32 ከሚደርሱ ሰዎች ጋር በአንድ ጊዜ አንድ ዓይነት ሙዚቃ ማዳመጥ ይችላል። እኔና ርቃ የምትኖረው እህቴ የጋራ ፕሌይሊስት አለን። ቀናችን እንዴት እንደዋለ ለመጠያየቅ ጊዜ ባጣንበት ሰሞን እንኳ ከእኛ አንዳችን አንድ ዘፈን እንጨምራለን፤ ፈጣን ጭፈራ ከተጨመረ መልካም ዜና እንዳለ አውቃለሁ፤ ከልጅነታችን የነበረ ዝግ ያለ ዘፈን ከመጣ ደግሞ ሥራዬን ትቼ እደውላለሁ። እስካሁን ተሳስቼ አላውቅም። ይህን የመሰለ መልእክት የሚያመላልስልን ሌላ መንገድ ቢኖር እንኳ እንዲህ ሸክሙ የቀለለ አይሆንም ነበር።

የዘፈን ግጥም እየተከተሉ ማንበብ የሚቻልበት አሠራርም አለ፤ ለሚዘፍንና ቋንቋ ለሚማር ሰው ይጠቅማል፤ በሐዘን ጊዜ ግን ቃላቱን በዐይንም በጆሮም መቀበል ክብደቱን ስለሚያበዛው እዘጋዋለሁ።

ሙዚቃ ማዳመጥ ሕክምና አለመሆኑን በግልጽ ማስቀመጥ ይገባል። የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ድርጅት ኮክሬን በ2017 ያሳተመው የጥናቶች ግምገማ፣ በድባቴ ለሚሠቃዩ ሰዎች የሙዚቃ ሕክምና ከመደበኛው ሕክምና ጋር ተጨምሮ ሲሰጥ፣ ቢያንስ ለአጭር ጊዜ፣ መደበኛው ብቻውን ከሚያመጣው የተሻለ ውጤት እንደሚያስገኝ ያመለክታል። ይህ ግን በሠለጠነ ባለሙያ የሚመራ ሥራ እንጂ ስልክ ከፍቶ ፕሌይሊስት ማስጀመር አይደለም። በመተግበሪያው ውስጥ ጭንቀትን ለማስታገስ፣ ለመረጋጋት፣ ለመፈወስ የሚሉ ርእሶች የተሰጣቸው ፕሌይሊስቶች በብዛት ይገኛሉ፤ አብዛኞቹ ለጆሮ ደስ የሚሉ ናቸው፤ ርእሳቸው ግን የሐኪም ትእዛዝ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። ለሳምንታት ያልለቀቀ ሐዘን፣ ለመኖር ፍላጎት ማጣት ወይም ከሰው መሸሽ ያለበት ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው የሰው እጅ ነው፤ ሙዚቃው ከዚያ ጎን ይቀመጣል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በዚህ አገልግሎት የሚሰማ ዘፈን የአድማጩ ንብረት አይደለም። ከባለመብቶች ጋር ያለው ስምምነት ሲያበቃ ወይም ሲለወጥ ዘፈኖች ከክምችቱ ሊወጡ ይችላሉ፤ በፕሌይሊስቱ ውስጥ ስማቸው ደብዝዞ ይቀራል እንጂ አይጫወቱም። ስለዚህ በሕይወቱ ውስጥ ትልቅ ቦታ ያላቸውን ጥቂት ዘፈኖች ገዝቶ በፋይል ማስቀመጥ ብልህነት ነው። ስፖቲፋይ በራስ መሣሪያ ላይ ያሉ ፋይሎችን ከሌሎቹ ጋር አቀላቅሎ ማጫወት ስለሚያስችል ፕሌይሊስቱ ሳይፈርስ ይህን ማድረግ ይቻላል። በስሕተት ወይም በስሜት ተገፋፍቶ የተሰረዘ ፕሌይሊስት ደግሞ በድረ ገጹ ባለው የግል መለያ በኩል በ90 ቀን ውስጥ ሊመለስ ይችላል፤ በንዴት የተሰረዘውን ኋላ ሲበርድለት ለሚፈልግ ሰው ይህ ቀነ ገደብ ቸርነት ያለበት ነው።

ለማን እመክረዋለሁ? ጊዜ ወስዶ የራሱን ፕሌይሊስቶች ለሚሠራ፣ ማስተካከያዎቹን ገብቶ ለሚያይና ሙዚቃውን አውርዶ ለሚያስቀምጥ ሰው ያለማመንታት እመክረዋለሁ። ከፍቶ የመጣለትን ብቻ ለሚሰማ ሰው በደህና ቀን ጥሩ ጓደኛ ይሆነዋል፤ በከባድ ወቅት ግን ከላይ በተናገርሁት ምክንያት ሊያሳዝነው ይችላል።

ከድርጅቱ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ፕሌይሊስትን አንድ በአንድ ከቴስት ፕሮፋይል ውጭ ማድረግ ጥሩ ጅምር ነው፤ ሐዘን ላይ ያለ ሰው ግን ያንን የሚያደርግበት ልብ አይኖረውም፤ ብዙውን ጊዜ የሚያስታውሰው ወቅቱ ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን የሰማሁትን በጥቆማም በዓመቱ ማጠቃለያም አታስገባው ብሎ ወደኋላ ተመልሶ ማዘዝ የሚያስችል አማራጭ ቢጨመር፣ ዘፈኖቹ በፕሌይሊስታቸው እንዳሉ ሆነው፣ መቼ እንደሚከፈቱ የሚወስነው አድማጩ ብቻ ይሆናል።